«ብር» ስንል የትኛውን ነው?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀው። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ታክሲ ውስጥም ቡና ላይም ወሬው አንድ ሆነ። ብር ወረደ፣ ብር ተዳከመ፣ ብር ረከሰ። በአራተኛው ቀን በሪሁ አረጋዊ በፓሪስ ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ሁለተኛ ወጣና ብር አስገኘልን ተባለ። ከእሱ ሦስት ቀን በኋላ ጽጌ ዱጉማ በ800 ሜትር ብር አመጣች። ነሐሴ 5 ትዕግስት አሰፋ በማራቶን ሌላ ብር ጨመረች። ኢትዮጵያ ከፓሪስ በ1 ወርቅና በ3 ብር ተመለሰች።

እንግዲህ በአንድ የዜና ሰዓት ያው አንድ ቃል አንዴ ሲያስደነግጠን፣ አንዴ ሲያስፈነድቀን ከረመ። ማንም ግራ አልገባውም። ጆሯችን የቱ ብር እንደሆነ ያለ ችግር ይለያል። ግራ የምንጋባው ሌላ ቦታ ነው። ኪሳችን ውስጥ ያለውን ብር ከድሮው ብር ጋር ስናምታታ ነው። ይሄ ማምታታት ደግሞ ሰው ያጣላል፣ ቁጠባ ያስበላል፣ እድር ያዳክማል። ስለዚህ ቃሉን ከሥሩ ጀምሮ ማየት ተገቢ ይመስለኛል።

ከቀላሉ እንጀምር። ወፍ ከዛፍ ላይ ስትነሳ «ብር አለች» እንላለን። ሰውም ሳይሰናበት ከሄደ «ብር ብሎ ጠፋ» ይባላል። ይሄኛው ብር ከክንፍ ድምፅ የመጣ ነው፤ «በረረ»፣ «በራሪ»፣ «በረራ» ቤተሰቦቹ ናቸው። አነጋገሩ ከገንዘቡ ጋር ልክ አንድ ነው፤ በሁለቱም «ር» ይጠብቃል። ደመወዝ በወጣ በሳምንቱ «ብሬ ብር አለ» የሚል ሰው ሁለቱን ያለ ምንም ድካም ያገናኛቸዋል። የሥር ዝምድና ግን የላቸውም። በፊደል ተመሳሳይ ሆነው ከብር ጋር የማይዛመዱ ሌሎችም አሉ። «ብርሃን» ከ«በርሀ»፣ «ብርቱ» ከ«በረታ» ነው። «ብርቱካን» እንኳ በቱርኮችና በዐረቦች አፍ አድርጎ ከፖርቱጋል ስም የመጣ ነው። በመነሻ ፊደል ብቻ ዘመድ መቁጠር ብዙ ሰው ያሳስታል።

ገንዘቡ ብር የመጣው ከማዕድኑ ነው። በግዕዝ «ብሩር» ይባላል። ትግርኛም «ብሩር» ብሎ ሙሉውን ይዞታል፤ አማርኛ ጫፉን ቆርጦ «ብር» አለው። በዕብራይስጥ «ባሩር» የጠራ፣ ግልጽ የሆነ ማለት ነው። የሦስቱ ተነባቢዎች መመሳሰል ማንንም ያስገርማል፤ ብር በእሳት የሚጠራ ማዕድን ነውና። መዝሙረ ዳዊትም የእግዚአብሔርን ቃል ሰባት ጊዜ ከተጣራ ብር ጋር ያመሳስለዋል። ከጎኑ ደግሞ የግዕዙ «ብርት» አለ፤ እሱ መዳብና ነሐስ ነው። የአማርኛው «ብረት» ወደ ሌላ ማዕድን ዞሯል። በሶማሊኛም «ቢር» ብረት ነው። የማዕድን ስም ከንግድ ጋር አገር ለአገር ይዞራል፤ ሲዞርም የሚጠራውን ነገር ይቀያይራል።

ማዕድኑ ገንዘብ የሆነው ገና ድሮ ነው። የአክሱም ነገሥታት ከሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ሳንቲም አስቀርጸዋል። ቅዱሳት መጻሕፍትም ይህንኑ መደራረብ አስለምደውናል። ይሁዳ ጌታውን በስንት ሸጠው? በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በሠላሳ ብር ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ይገባል። የዛሬ ልጅ «ሠላሳ ብር» ሲሰማ የሚታየው ሁለት ዳቦ የማትገዛ ገንዘብ ልትሆን ትችላለች። በወንጌሉ ግን ሠላሳው ብር የሸክላ ሠሪ መሬት ገዝቷል። የእንግዶች መቃብር የሚሆን መሬት ነው። በዚያ ላይ «መዘኑለት» ነው የሚለው። ብር ይመዘናል፤ ማዕድን ነው። ያን ዓረፍተ ነገር በዛሬው ብር ያነበበ ሰው የክህደቱን ዋጋ አሳንሶ ይረዳዋል። ለሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዎች ይህቺን አንድ ነጥብ እንዲያስረዱ አደራ እላለሁ። ቃሉ አልተቀየረም፤ ከቃሉ ሥር ያለው ዕቃ ነው የተቀየረው።

አሁን የምንጠቀምበትን ትርጉም ያመጣልን ጠገራ ብር ነው። አያቶቻችን «የማርትሬዛ ብር» የሚሉት ማለት ነው። በኦስትሪያዊቷ ንግሥት በማሪያ ቴሬዛ ስም እ.ኤ.አ. ከ1741 ጀምሮ ተቀረጸ። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ሞተች። ገንዘቡ ግን ከሞተችም በኋላ 1780 የሚለውን ዓመት እንደያዘ መቀረጹን ቀጠለ፤ በቀይ ባሕር ዙሪያ ያለ ነጋዴ ሌላ መልክ አልቀበልም ስላለ ነው። ነጋዴው ዕቃውን አገላብጦ ያያል። የንግሥቲቱ መልክ የጠፋበትን ይመልሳል። ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ጠጋ ብሎ አይቶ ዕንቁዎቹ ዘጠኝ መሆናቸውን ይቆጥራል። ጎደለ ማለት ሐሰተኛ ነው ማለት ነው።

ክብደቱ 28 ግራም ከትንሽ ነው። ከዚያ ውስጥ 23 ግራም ከግማሽ የማይሞላው ንጹሕ ብር ነው። ስለዚህ «አንድ ብር» ሲባል አንድ የታወቀ ክብደት ነበር። ወርቅ የሚመዘንበት ወቄትም በብዙ ገበያ በአንድ ጠገራ ብር ክብደት ይለካ ነበር። «ሺህ ብር አለው» የተባለ ሰው ቤቱ ውስጥ 28 ኪሎ ማዕድን አስቀምጧል። ለመንገድ የአጋሰስ ጭነት ነው። ዛሬ ሺህ ብር ማለት አምስት የሁለት መቶ ብር ኖት ነው፤ በደረት ኪስ ይገባል። ዛሬ አንዱን ጠገራ ብር ወርቅ ቤት ወስዶ ቢያቀልጡት ደግሞ ውስጡ ያለው ማዕድን ብቻ በሺዎች በሚቆጠር ብር ይሸጣል። አንድ ብር በሺህ ብር።

ለዝርዝር አሞሌ ጨው ነበረ። አንድ ብር በስንት አሞሌ ይመነዘራል? እንደ ገበያው ነው። ጨው ከሚቆረጥበት ከአፋር በረሃ ቀረብ ባለ ገበያ አንድ ብር ብዙ አሞሌ ያወጣል። ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ እየራቀ ሲሄድ ጨው ይወደዳል፣ ቁጥሩም ይቀንሳል። ምንዛሪ በገበያ ሲወሰን 2016 የመጀመሪያችን አልነበረም ማለት ነው። ልዩነቱ ያኔ ተመኑ ሲወጣና ሲወርድ የብሩ ማዕድን አይቀንስም።

ሰው ብር ሲተርፈው ባንክ አልነበረምና ወደ አንጥረኛ ይሄዳል። አንጥረኛው ጠገራውን አቅልጦ መስቀል፣ ድሪ፣ አልቦ፣ አምባር ይሠራለታል። የሴት ጌጥ የቤቱ ቁጠባ ነበር። ክፉ ቀን ሲመጣ ድሪው ይሸጣል። «ብር አምባር» የሚለውም ከዚሁ የጌጥ ዓለም ወጥቶ በሰርግ ዘፈን የሙሽራ ድንግልና መጠሪያ ሆኗል። ስለ እሱ የሚሰማኝን ልናገር። ጌጥነቱ ያማረ ነው። የሴት ልጅ ክብር በአደባባይ እንደ ዕቃ መፈተሹ ግን ብዙ እህቶቻችንን ያሳቀቀ ነገር ነው፤ በዘፈን ስለታጀበ አይቀልም።

የሚገርመው የጠገራ ብር ትውልድ ነው። በቦሄሚያ፣ ዛሬ ቼክ በምንላት አገር፣ ዮአኪምስታል የሚባል የብር ማዕድን ያለበት ከተማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1500ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ እዚያ የተቀረጸው ትልቅ የብር ገንዘብ በከተማው ስም «ዮአኪምስታለር» ተባለ። ሰው ሲያሳጥረው «ታለር» አለው። ታለር በሆላንዶችና በእንግሊዞች አፍ ሲዞር «ዶላር» ሆነ። የማርትሬዛው ገንዘብም ታለር ነው፤ እኛ ጋ ሲደርስ በማዕድኑ ስም «ብር» አልነው። እንግዲህ ዛሬ በየቀኑ ፊት ለፊት የምናወዳድራቸው ብርና ዶላር የአንድ ሳንቲም ልጆች ናቸው። አንደኛው የተወለደበትን ከተማ ስም ይዞ ቀረ፤ ሁለተኛው የተሠራበትን ማዕድን።

አፄ ምኒልክ የራሳቸውን ገንዘብ ሲያስቀርጹም ይህን ልማድ አልተጋፉም። በ1887 ዓ.ም. ዘመን የተጻፈበት፣ በፓሪስ የተቀረጸው የምኒልክ ብር ክብደቱ ከጠገራው ጋር የተቀራረበ ነው። በአንድ በኩል የንጉሡ ፊት፣ በሌላ በኩል አንበሳ አለበት። ግማሹ አላድ፣ ሩቡ ሩብ ነው። ከሥር የመዳብ ቤሳ አለች፤ ዛሬም «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» ስንል የምንጠራት እሷን ነው። የገጠሩ ገበያ ግን ለረጅም ጊዜ ማርትሬዛን እንደመረጠ ቆየ። ጣሊያንም ይህን ስለሚያውቅ ለወረራው ሲዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1935 የማርትሬዛን መቅረጫ ከኦስትሪያ ተቀብሎ ራሱ ማስቀረጽ ጀመረ። አገር ሊወር የመጣ ጦር እንኳ ብር ካልያዘ ገበያ ላይ እንደማይሸጥለት ገብቶት ነበር።

ወረቀቱ የመጣው ከባንክ ጋር ነው። የአቢሲንያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ተከፈተ። በወረቀት ላይ የተጻፈው ብር መጀመሪያ ላይ ተስፋ ነው፤ ወረቀቱን ላመጣ ጠገራው ይሰጠዋል ማለት ነው። ሕዝቡ ወረቀቱን ለማመን ብዙ ጊዜ ወሰደበት፤ አልፈርድበትም።

ከነፃነት በኋላ በ1937 ዓ.ም. አዲሱ ገንዘብ ሲወጣ አንድ ነገር ተከሰተ። በእንግሊዝኛው «የኢትዮጵያ ዶላር» ተባለ፣ በአማርኛው ግን ያው ብር። አንድ ኖት፣ ሁለት ስም። አባቶቻችን በአፋቸው ዶላር ብለውት አያውቁም። በ1969 ዓ.ም. ደርግ በእንግሊዝኛውም ብር እንዲባል አደረገ። ያን ጊዜ ብር ከጠገራው ከተለየ ዓመታት አልፈውታል። ዛሬ የአንድ ብር ሳንቲም ውስጥም ብር የለም። ስሙ ብቻ ቀረ።

ስሙም ቢሆን በሁሉም ዘንድ አንድ አይደለም። ትግርኛ ተናጋሪ ይህንኑ ኖት «ቅርሺ» ይለዋል። ኦሮምኛ ተናጋሪ «ቀርሺ» ይለዋል። ሥሩ ዐረቦችና ቱርኮች የሚጠቀሙበት ቅርሽ ነው፤ እሱም በተራው ግሮሽን ከሚባለው የአውሮፓ የብር ገንዘብ የመጣ ነው። በአንድ ገበያ ሁለት ሰዎች አንዱን ወረቀት በሁለት የተለያዩ የድሮ ሳንቲሞች ስም ይጠሩታል፤ ይግባባሉም። ማዕድኑን ለገንዘብ ስም ማድረግም የእኛ ብቻ ልማድ አይደለም። የፈረንሳዩ «አርዣን» ብርም ገንዘብም ነው። የሕንዱ ሩፒ ስሙ ከብር የመጣ ነው። ወደ እስራኤል የሄዱ ወገኖቻችን «ኬሴፍ» የሚለውን ቃል ሲማሩ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም፤ እሱም ማዕድኑም ገንዘቡም ነው።

ወደ ዛሬው ጉዳይ ልመለስ። አነጋገራችንን አስተውሉት። ብር ሲወርድ አብዛኞቻችን «ዶላር ጨመረ» ነው የምንለው። «ጤፍ ጨመረ»፣ «ዘይት ጨመረ»፣ «ቤት ኪራይ ጨመረ» እንላለን። ሁሉም ነገር ይንቀሳቀሳል፣ ብር ግን ባለበት ቆሞ ያያቸዋል። እንዲህ የምንናገረው በአፋችን ውስጥ ብር እስካሁን መለኪያ ስለሆነ ይመስለኛል። 23 ግራም ማዕድን የነበረ ጊዜ እውነትም መለኪያ ነበር። ወቄት የሚለካበት ነገር ራሱ ወረደ ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

ቁጥሩን እንየው። እስከ 1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ07 ሳንቲም ነበር። ለሃያ ዓመት ገደማ ያልተነካ ተመን ነው። ያኔ አንድ ትውልድ ብር የማይንቀሳቀስ ነገር ነው ብሎ አደገ። ከዚያ ወደ 5 ብር ሆነ። ከሐምሌ 2016 በፊት 57 ብር ገደማ ደርሶ ነበር። ከተለቀቀ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ። አባትና ልጅ ስለ ብር ሲያወሩ ስለ አንድ ነገር የሚያወሩ ይመስላቸዋል። «በእኛ ጊዜ በአምስት ብር በግ ይገዛ ነበር» የሚለው ሽማግሌ አላጋነነም፤ የሚናገረው ግን ዛሬ ልጁ ስለያዘው ብር አይደለም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ በቁጥር ታስሮ የቀረ ውል ነው። የእድር ደንብ አንሱ። «ለሟች ቤተሰብ ይህን ያህል ብር ይሰጣል» ብሎ ይጽፋል። የተጻፈው ከዓመታት በፊት ነው። ቁጥሩ ሲጸድቅ ሳጥኑን፣ ድንኳኑንና የእዝን ምግቡን ይሸፍን ነበር። ሳጥኑ በየዓመቱ ሲወደድ ደንቡ ቁጭ ብሏል። አባሉ መዋጮውን ሳያጓድል ከፍሎ፣ ቀኑ ሲደርስ ቤተሰቡ የሚያገኘው የቀብሩን ሲሶ የማይሞላ ሊሆን ይችላል። እድሩ ቃሉን አላጠፈም፤ የጻፈውን ብር ሰጥቷል። የተስማሙበት ግን ቀብር ለመሸፈን ነበር። የእድር ዳኞች በየዓመቱ ስብሰባ መጀመሪያ ላይ የሳጥንና የድንኳን ዋጋ አስነብበው ቁጥሩን ቢያስተካክሉ ማንንም አይጎዳም። መዋጮውም አብሮ ይጨምራል፤ ያ ይከብዳል፣ ግን በግልጽ የተነገረ ሸክም ነው።

ሌላው ከውጭ የሚላከው ነው። ሰው ከዋሽንግተንም ይላክ ከሪያድ፣ በእኛ አፍ የሚላከው ሁልጊዜ ብር ነው። «ብር ላክልኝ»፣ «ብር ደረሰኝ»። እንበል አንዲት እህት ሪያድ ሰው ቤት ሠርታ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ለወንድሟ በየወሩ ላከችለት። ቤት እንዲሠራላት ነው። እሷ ያጠራቀመችው ሪያል ነው፤ በሪያል ደክማለች፣ በሪያል ቆጥራለች። እሱ የተቀበለው ብር ነው፤ ባንክ አስቀመጠው፣ አልነካም። በ2017 ስትመለስ «ገንዘቤ የት አለ?» ትላለች። እሱም «ሙሉው አለ፣ አንድም አልጎደለም» ብሎ ደብተሩን ያሳያታል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ቆርቆሮና ሲሚንቶ ሲጠየቅ ግን ግማሽ ቤት ይሆናል። ሽማግሌ የሚቀመጥበት እንዲህ ያለ ጠብ በየሰፈሩ አለ። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ደግሞ የወንድምየው እጅ ነው።

እንዲህ ላለው ጉዳይ ሽማግሌዎች ሊጠይቁ የሚገባቸው አንድ ጥያቄ አለ፤ የተባባላችሁት በምን ነበር? በሪያል ከሆነ ሪያሉ ይቆጠር። በቤት ከሆነ «ብሩን አትንካ፣ አስቀምጥ» ያለው ማን እንደነበር ይታይ። ገና አሁን መላክ የጀመሩ ደግሞ በላኩ ቁጥር ሦስት ነገር ይጻፉ፤ የላኩትን ሪያል ወይም ዶላር፣ እዚህ የደረሰውን ብር፣ ቀኑን። በስልክ መልእክት ቢሆን ይበቃል። ወንድምም ሲቀበል «ደረሰኝ» ብቻ ብሎ አይለፍ፤ በዚያ ቀን ያ ብር ስንት ኩንታል ሲሚንቶ እንደሚገዛ አብሮ ይጻፍላት።